ተጋጣሚን ሳይበድሉ ማሸነፍ፦ የጎልፍ የሥነ ልቦና ትግልና ስፖርታዊ ጨዋነት መመሪያ

በጎልፍ ጨዋታ ተጋጣሚዎ ኳስዎን አይቀማዎትም፣ መንገድ አይዘጋብዎትም፣ ሰውነትዎንም አይነካም። ኳሱ እርስዎ እስኪመቱት ድረስ ሣር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። 18ቱን ጉድጓዶች ለመጨረስ ብዙውን ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ኳሱ በትክክል የሚመታበት ጊዜ ቢደመር ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ የቀረው በእግር ጉዞ፣ ተራ በመጠበቅና በማሰብ ያልፋል። በጎልፍ ሐሳብ እጅን የሚያበላሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተጋጣሚውን ለመረበሽ የሚፈልግ ሰውም የሚገባው በዚሁ ባዶ ሰዓት በኩል ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት የሚመለከተው ሁለት ወገኖች ጉድጓድ በጉድጓድ የሚፋለሙበትን፣ ማች ፕሌይ የተባለውን አጨዋወት ነው። የምቶች ብዛት ተደምሮ አሸናፊ በሚለይበት ስትሮክ ፕሌይ፣ ተጫዋቹ የሚታገለው ከመላው ተወዳዳሪ ጋር ስለሆነ አጠገቡ የሚሄደውን አንድ ሰው ማስጨነቁ ብዙም አይጠቅመውም። በማች ፕሌይ ግን ተጋጣሚው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ያጣው ጉድጓድ የእርስዎ ይሆናል። ስለዚህ ፈተናው የሚበረታው እዚህ ላይ ነው።

የተፈቀደውን ጫና ካልተፈቀደው መለየት

ሁለቱን ለመለየት ለብዙ ጊዜ የተጠቀምኩበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን የማደርግበትን ምክንያት ለተጋጣሚዬ በግልጽ ብነግረው ላፍር ይገባኛልን? «ኳሴን ከአንተ ቀድሜ ጉድጓዱ ላይ በተተከለው ባንዲራ አጠገብ ላስቀምጥና አንተ ያንን እያየህ ምታ» ብለው ቢነግሩት የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ጫናውም ከመነገሩ የተነሣ አይቀንስም። «ፑትህን እንድትስት ብዬ ነው ኪሴ ውስጥ ያሉትን ሳንቲሞች የማንቋቋው» ማለት ግን አይቻልም (ፑት ማለት ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ለማስገባት መሬት ላይ የሚያንከባልሉት ምት ነው)፤ ድርጊቱ የሚሠራው ምክንያቱ እስከተደበቀ ድረስ ብቻ ነውና። ከራስዎ ኳስ የሚመነጭ ጫና ሁሉ የእርስዎ መብት ነው። በተጋጣሚዎ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጊዜ ወይም እርግጠኝነት ላይ እጅ በማስገባት የሚፈጠር ጫና ግን የእርስዎ አይደለም።

የተፈቀደው ጫና ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ሰፊ ነው። በማች ፕሌይ ከቲ (ከየጉድጓዱ መነሻ ቦታ) ላይ የሚቀድመው ያለፈውን ጉድጓድ ያሸነፈው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከባንዲራው የራቀው ይቀድማል። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች አንዳንድ ጊዜ ከቲ ላይ ሆን ብሎ አጭር ምት ይመርጣል፤ ኳሱ ከተጋጣሚው ኳስ ኋላ ሲያርፍ ወደ ግሪኑ (በጉድጓዱ ዙሪያ ወዳለው አጥሮ የታጨደ ሣር) ቀድሞ የመምታት ዕድል ያገኛልና። ሁለተኛው ምት ባንዲራው አጠገብ ካረፈ፣ ረጅም መትቶ የተደሰተው ተጋጣሚ ድንገት የግድ ጥሩ መምታት ያለበት ሰው ይሆናል። ተጋጣሚዎ ኳሱን ወደ ውኃ ወይም ወደ ጫካ ከላከ ደግሞ ትልቁ ጫና የእርስዎ ቀላልና አስተማማኝ ምት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጀግንነት ማሳየት ለእሱ ነፍስ መዝራት ነው። እርጋታም ራሱ መሣሪያ ነው። ጥሩ ከመቱም በኋላ፣ መጥፎ ከመቱም በኋላ በአንድ ዓይነት እርምጃና በአንድ ዓይነት ፊት የሚሄዱ ከሆነ፣ ተጋጣሚዎ ከእርስዎ ድክመት የሚያገኘው ማጽናኛ አይኖርም።

በራስዎ በኩል ደግሞ ተጋጣሚዎ እያንዳንዱን ፑት እንደሚያስገባ አስቀድመው ይመኑ። ይስታል ብሎ የጠበቀ ሰው፣ ኳሱ ከጉድጓዱ ሲገባ ይደነግጣል፤ የራሱን ፑት የሚመታውም ከዚያ ድንጋጤ ሳይወጣ ነው።

ደስታን መግለጽ ክልክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በሄዘልቲን በተካሄደው፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ቡድኖች በሚፋለሙበት የራይደር ካፕ ውድድር የአውሮፓው ሮሪ ማኪልሮይ በስምንተኛው ግሪን ላይ በጣም ረጅም ፑት አስገብቶ እጁን ጆሮው ላይ በማድረግ ተመልካቹን ሲያፋጥጥ፣ አሜሪካዊው ፓትሪክ ሪድ ወዲያው የራሱን አስገብቶ ጣቱን ነቀነቀበት፤ ከዚያም ሁለቱ እየሳቁ ቡጢ ለቡጢ ተነካክተው ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ አመሩ። ጨዋታውን ሪድ በአንድ ጉድጓድ ልዩነት አሸነፈ። ይህን ያህል ጩኸት ያለበት ግጥሚያ ጨዋነቱን ያላጣው፣ አንዱም በሌላው ምት ላይ ስላልገባ ነው። ከዚህ በተቃራኒ እ.ኤ.አ. በ1999 በብሩክላይን በተካሄደው ራይደር ካፕ አሜሪካዊው ጀስቲን ሌናርድ በ17ኛው ጉድጓድ ረጅም ፑት ሲያስገባ የአሜሪካ ቡድን አባላት ግሪኑ ላይ ወጥተው ጨፈሩ፤ ተጋጣሚው፣ የአውሮፓው ሆዜ ማሪያ ኦላዛባል ግን ገና መምታት የሚቀረው ፑት ነበረው። አሜሪካ ውድድሩን 14½ ለ13½ አሸነፈች፤ ያ ጭፈራ ግን እስከ ዛሬ ከድሉ ተለይቶ አይነሣም። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ተጋጣሚዎ የሚመታው ምት እስካለው ድረስ ደስታዎን በልክ ይያዙ።

ዛቻና ፉከራን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 በካሊፎርኒያ፣ በላ ኮስታ በተደረገው የማች ፕሌይ ውድድር ዋዜማ ስቲቨን ኤምስ ስለ ተጋጣሚው ታይገር ውድስ የወቅቱ አጨዋወት የሚነካ አስተያየት ሰነዘረ፤ በጨዋታው ዕለት ውድስ ስምንት ጉድጓዶች ሲቀሩ በዘጠኝ እየመራ ጨዋታውን በአሥረኛው ጉድጓድ ጨረሰው። በቃል የሚያስቆጡት ሰው ትኩረቱን እንደሚያጣ ማንም ዋስትና ሊሰጥዎት አይችልም።

አጭሩ ፑት፦ መስጠትና መከልከል

በማች ፕሌይ ከሁሉም በላይ ወዳጅነትን የሚያሻክረው፣ ከሁሉም በላይ ክብርን የሚያሳየውም አጭሩ ፑት ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ተጋጣሚ ቀጣዩን ምት (ሳይመታ እንደ ገባ ቆጥሮ)፣ ጉድጓዱን ወይም ጨዋታውን በሙሉ ሊሰጥ ይችላል፤ ስጦታው በግልጽ በቃል ወይም በምልክት መታወቅ አለበት፤ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ሰጪው ሊያጥፈው፣ ተቀባዩም እምቢ ሊለው አይችልም። ስለዚህ ፑት የሚሰጡ ከሆነ ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ሰጥቻለሁ» ወይም «ኳሱን አንሣው» ይበሉ። አንገት መነቅነቅ፣ ማጉረምረም፣ ጀርባ ሰጥቶ ወደ ቀጣዩ ቲ መራመድ የጥል ዘር ነው።

ተቀባይ ሲሆኑ ደግሞ ቃሉን በጆሮዎ ሳይሰሙ ኳሱን አያንሡ። እኔ በአንድ ግጥሚያ ላይ ተጋጣሚዬ ወደ ቦርሳው ሲያመራ አይቼ የእጅ መዳፍ በማይሞላ ርቀት ላይ የነበረውን ኳሴን አነሣሁ፤ እሱ ግን ዱላ ሊቀይር ነበር የሄደው። የተቆጣሁት በእሱ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ እንደነበረ ዛሬ አምናለሁ። ደንቡ፣ ተጋጣሚው የተናገረውን ወይም ያደረገውን ነገር እንደ ስጦታ መረዳት ምክንያታዊ ከሆነ ኳሱ ያለ ቅጣት ወደ ቦታው እንዲመለስ ይፈቅዳል፤ ያለ በቂ ምክንያት በግምት የተነሣ ኳስ ግን ቅጣት አለው።

በትልቁ መድረክም ይኸው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን በተካሄደው የሶልሃይም ካፕ (የራይደር ካፕ የሴቶች አቻ)፣ በ17ኛው ጉድጓድ አሜሪካዊቷ አሊሰን ሊ ለማሸነፍ የመታችው ፑት ስቶ ግማሽ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ተሰጥቶኛል ብላ ኳሷን አነሣች። አውሮፓዊቷ ሱዛን ፔተርሰን አልሰጠሁም አለች፤ ዳኛውም ጉድጓዱን ለአውሮፓ ከመፍረድ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በደንብ ረገድ ፔተርሰን ትክክል ነበረች። ሆኖም በቁጣ የተነሣው የአሜሪካ ቡድን ከ10 ለ6 መመራት ተነሥቶ 14½ ለ13½ አሸነፈ፤ ፔተርሰንም በኋላ በይፋ ይቅርታ ጠየቀች። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በኦስቲን በተደረገው የማች ፕሌይ ውድድር ሰርጂዮ ጋርሲያ አንድ ፑት ከሳተ በኋላ፣ ተጋጣሚው ማት ኩቸር ገና ምንም ሳይል፣ ጋርሲያ የቀረችውን አጭር ርቀት በዱላው ጀርባ በንዴት መታ፤ ኳሱ ዞሮ ወጣ። ኩቸር ልሰጠው አስቤ ነበር ቢልም፣ የተመታን ምት መልሶ መስጠት ስለማይቻል ጉድጓዱ የኩቸር ሆነ፤ ጨዋታውንም አሸነፈ። በሁለቱም ታሪኮች አንድ ቃል በጊዜው ቢነገር ወይም ቢጠየቅ ኖሮ ክርክሩ አይፈጠርም ነበር።

ታዲያ መቼ መስጠት፣ መቼስ መከልከል ተገቢ ነው? በመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች አጫጭር ፑቶችን እየሰጡ ቆይቶ፣ ጨዋታው ሲጠብብ በድንገት ዝም ማለት የታወቀ ስልት ነው፤ ለረጅም ጊዜ አጭር ፑት ያልመታ እጅ ወሳኙ ሰዓት ላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በእኔ ግምት ይህ ከደንብም ከጨዋነትም አይጻረርም፤ ማንም ሰው ኳሱን ራሱ ጉድጓድ ውስጥ የማስገባት ግዴታ ያለበት ሲሆን ስጦታው ደግ ፈቃድ እንጂ ዕዳ አይደለም። ነገር ግን ሲከለክሉ ዝም ብለው ይከልክሉ። «ይሄን እንኳ ታስገባዋለህ» ማለት፣ ለመስጠት እንደሚያስቡ ሰው ረጅም ጊዜ ቆመው ኳሱን ማየት፣ ወይም ሊመታ ሲያጎነብስ ጠብቆ «ግድ የለም፣ ሰጥቻለሁ» ማለት ከጫና አልፎ መጫወቻ ማድረግ ይሆናል። የተከለከለውም ሰው ዱላውን መሬት ላይ ዘርግቶ ርቀቱን እየለካ ተጋጣሚውን ለማሳፈር መሞከሩ ተገቢ አይደለም፤ ኳሱን አስገብቶ ማለፍ የተሻለ መልስ ነው።

የመስጠት ታላቁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ ሮያል በርክዴል የታየው ነው። የራይደር ካፕ የመጨረሻው ግጥሚያ በመጨረሻው ግሪን ላይ ደርሶ ሁለቱ ቡድኖች፣ አሜሪካና የዚያን ጊዜ ተጋጣሚዋ ብሪታንያ፣ እኩል ነበሩ። አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ የራሱን ፑት ካስገባ በኋላ፣ ብሪታንያዊው ቶኒ ጃክሊን ከአንድ ሜትር ያነሰ ፑት ቀረው፤ ቢስት ብሪታንያ ትሸነፋለች። ኒክላውስ የጃክሊን ኳስ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን ምልክት ከመሬት አንሥቶ ፑቱን ሰጠው፤ ውድድሩም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ 16 ለ16 በሆነ ውጤት ተጠናቀቀ። ዋንጫው በቀድሞ ባለቤቷ በአሜሪካ እጅ ስለሚቆይ ቡድኑ የሚያጣው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በራሱ ወገን ያልተደሰቱ ነበሩ። እኔ የማደንቀው ስሌቱን ሳይሆን ጊዜውን ነው፤ ኒክላውስ ስጦታውን ያደረገው የራሱን ድርሻ በሚገባ ከፈጸመ በኋላ እንጂ ለጨዋነት ብሎ ጨዋታውን ቸል በማለት አልነበረም።

በፍጹም የማይደረጉት

የጎልፍ ደንብ በመጀመሪያው ክፍሉ ተጫዋቾች በታማኝነት እንዲጫወቱ፣ ለሌሎች እንዲያስቡና ሜዳውን እንዲንከባከቡ ያዛል። ሌላው ተጫዋች በሚመታበት ቅጽበት ሆን ብሎ መረበሽ እንደ ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት ከሚቆጠሩት አንዱ ሲሆን ከውድድር እስከመባረር ያደርሳል። ስለዚህ ተጋጣሚዎ ሊመታ ሲዘጋጅ ከዓይኑ ዳር ወጥተው፣ ከኋላው ወይም ከኳሱ መሄጃ መስመር ርቀው፣ ጥላዎ መስመሩ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቀው ጸጥ ብለው ይቁሙ። ግሪን ላይ በኳሱና በጉድጓዱ መካከል ያለውን መስመር አይርገጡ። ጓንት መንቀል፣ ቦርሳ መጎርጎር፣ በለሆሳስ ማውራት ሁሉ እሱ መትቶ እስኪጨርስ ይቆያል።

ስለ ዱላ ምርጫ ማታለል በብዙዎች ዘንድ እንደ ብልጠት ይታያል፤ ደንቡ ግን አይፈቅደውም። ተጋጣሚዎ እንዲሰማ ብለው ለካዲዎ (ዱላዎን ለሚሸከምልዎ ረዳት) «በሰባት ቁጥር ዱላ ነው የመታሁት» ማለት፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ በሌላ ተጫዋች ምርጫ ላይ ተጽዕኖ ለማድረግ የታሰበ ንግግር ስለሆነ እንደ ተከለከለ ምክር ይቆጠራል፤ በማች ፕሌይ ቅጣቱ ጉድጓዱን ማጣት ነው። ተጋጣሚውን በምን ዱላ እንደመታ መጠየቅም እንዲሁ። ወደ ቦርሳው በዓይን መመልከት ይቻላል፤ ዱላዎቹን የሸፈነውን ፎጣ ገለጥ አድርጎ ማየት ግን ክልክል ነው። በሌላ በኩል የባንዲራውን ርቀት ወይም የደንብ ጉዳይ መንገር ምክር አይደለምና ሲጠየቁ ይንገሩ።

ጊዜን መሣሪያ ማድረግም አለ። ፈጣኑን ተጋጣሚ ለማናደድ እየተጎተቱ መጫወት፣ ወይም ቀስተኛውን ለማዋከብ ከግሪኑ ቀድሞ መውጣት የተለመዱ ናቸው። ደንቡ እያንዳንዱ ምት ተራው ከደረሰና ያለ እክል መምታት ከተቻለ በኋላ ከ40 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ እንዲመታ ይመክራል፤ የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ደግሞ ለሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። የተጋጣሚዎ ኳስ ሲጠፋ ገብተው ከልብ ይፈልጉለት። በፍለጋ ላይ ሳሉ ሳያውቁ ቢያንቀሳቅሱት ቅጣት የለብዎትም።

የምትዎን ቁጥር ሲጠየቁ ትክክለኛውን ይናገሩ። የተሳሳተ ቁጥር ነግረው፣ ተጋጣሚዎ በዚያ ተመርኩዞ ከመምታቱ በፊት ካላረሙት ጉድጓዱን ያጣሉ። ቅጣት ካገኘዎትም ሳይጠየቁ ወዲያው ያሳውቁ። ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1925 በታላቁ የአሜሪካ ውድድር በዩኤስ ኦፕን ላይ ሊመታው ሲዘጋጅ ኳሱ ሲንቀሳቀስ ማንም አላየም ነበር፤ እሱ ግን በራሱ ላይ አንድ ምት ቆጠረ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጥቶ በመለያ ጨዋታ ተሸነፈ፤ ያች አንድ ምት ባትኖር ዋንጫው የእሱ ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት፣ ባለመስረቅ ሰው አይመሰገንም በሚል ስሜት ነበር የመለሰላቸው።

ሊረብሽዎት የሚሞክር ሰው ሲያጋጥምዎት

ከመጠራጠርዎ በፊት ሰውየው ጥሩ ልማድ ያልተማረ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። ብዙ ጊዜ የሚያስነጥሰው፣ የሚያወራውና የሚንቀሳቀሰው ሰው ስለ እርስዎ ጨርሶ አያስብም። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው እርምጃ ከኳሱ ገለል ብሎ፣ ፊትን ሳያጠቁሩ፣ «እባክህ እስክመታ ድረስ ጠብቀኝ» ማለት ነው። በትሕትና ግን በግልጽ የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ነገር ያስቆማል። ተመልሰው ሲቆሙ ዝግጅትዎን ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ ካቋረጡበት ለመቀጠል መሞከር ንዴቱን ወደ ምቱ ይዞ መግባት ነው።

«ዛሬ ፑትህ እንዴት ያምራል፣ አያያዝህን ቀየርክ እንዴ?» የሚለው ውዳሴ ከስድብ ይልቅ ይጎዳል፤ ሰውነት በልማድ የሚያደርገውን ነገር አእምሮ እንዲመረምረው ያደርጋልና። ለእንዲህ ዓይነቱ «አመሰግናለሁ» ብሎ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ይበቃል። በምቶች መካከል ሐሳብን ለማሳረፍ አንድ ቋሚ ነገር ይኑርዎት፦ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት፣ ዛፎቹን መመልከት፣ ወደ ኳሱ ሲቃረቡ ብቻ ስለ ምቱ ማሰብ። ለአጭር ፑቶችም ከግጥሚያው ቀን በፊት በቂ ልምምድ ያድርጉ፤ ስጦታ የማይጠብቅ ሰው ሲከለከል አይናደድም።

ደንብ ሲጣስ ካዩ ጊዜውን ጠብቀው ለማጥቃት አያከማቹት። በማች ፕሌይ የተጋጣሚዎን ጥሰት አይቶ ማለፍ የእርስዎ መብት ነው፤ ሁለታችሁም የምታውቁትን ቅጣት ላለመቁጠር መስማማት ግን ሁለታችሁንም ያስባርራል። ጥያቄ ካለዎት ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቀጣዩን ጉድጓድ ለመጀመር ከመምታታችሁ በፊት ያንሡት። ተራ ያለመጠበቅ ጉዳይ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል፤ ተጋጣሚው ያለ ተራው ከመታ ቅጣት የለውም፣ እርስዎ ግን ምቱን ሊሰርዙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በስኮትላንድ ሎክ ሎመንድ በተደረገው የሶልሃይም ካፕ አኒካ ሶረንስታም ከግሪን ውጭ የመታችው ኳስ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ተራው የእሷ እንዳልነበረ ተነግሯት ደግማ መታች፤ ሁለተኛው አልገባም። ደንቡ ተከብሯል፤ ያዘነው ሰው ግን ብዙ ነበር። ተራው የእርስዎ ከሆነ ተጋጣሚዎ ዱላውን ከማንሣቱ በፊት «ተራው የእኔ ይመስለኛል» ይበሉ፤ ቀድሞ ከመታ በኋላ ካስተዋሉት ደግሞ፣ ኳሱ የት እንዳረፈ ሳያሰሉ የሚወስዱት ውሳኔ ብቻ ነው ንጹሕ የሚሆነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ባርኔጣዎን አውልቀው፣ ዓይኑን አይተው እጁን ይጨብጡ። ካሸነፉ ስለ ንፋሱ ወይም ስለ ዕድልዎ አያብራሩ፤ ከተሸነፉ ስለ ጉዳትዎ ወይም ስለ ተከለከሉት ፑት አያንሡ። በመንገድ ላይ ያስቀየመዎት ነገር ካለ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው፣ ቁጣው ከበረደ በኋላ ይንገሩት፤ እርስዎ ራስዎ ካጠፉም በዚያው ቀን ይቅርታ ይጠይቁ። ስለ ግጥሚያው ራሱ ማውራትን ግን ለተሸነፈው ይተዉለት፤ እሱ እስኪጀምር ድረስ ሌላ ወሬ ያውሩ።